የታከመች ላም ወተት የሚታገድበት ጊዜ ከመቼ ይቆጠራል?

ከዘንዘልማና ከሐይቁ ዳር ወደ ባሕር ዳር ወተት የምታቀርቡ ደጋግማችሁ የምትጠይቁት ስለሆነ በአጭሩ፦ ቆጠራው የሚጀምረው ከመጀመሪያው መርፌ ሳይሆን ከመጨረሻው ነው።

ለምሳሌ ላሚቱ ለጡት በሽታ እሑድ፣ ሰኞና ማክሰኞ አንቲባዮቲክ ወሰደች እንበል። የመጨረሻው ማክሰኞ ማታ 12 ሰዓት ላይ ተሰጣት። መድኃኒቱ ላይ «ለወተት 72 ሰዓት» የሚል ካለ፣ እስከ ዓርብ ማታ 12 ሰዓት የሚታለበው ሁሉ አይሸጥም፤ ቤትም አይጠጣም። ከእሑድ ቆጥሮ ረቡዕ ማታ የሸጠ ሰው መድኃኒት ያለበት ወተት ሸጧል።

«መድኃኒቱ የገባው በአንዱ ጡት ብቻ ነው» ማለትም አያዋጣም። መድኃኒቱ በደም ዞሮ በሌሎቹም ይወጣል፣ ስለዚህ የአራቱም ይታገዳል። ማፍላትም መፍትሔ አይደለም፤ ጀርም ይገድላል እንጂ መድኃኒቱን አያጠፋም። መድኃኒቱ እርጎ የሚያረጉትን ባክቴሪያዎች ስለሚገድል ወተቱ አልረጋ ሊልም ይችላል (እርጎ ሻጮች ቀድመው የሚነቁት በዚህ ነው)። የአንዲት ላም ወተት ከሌሎቹ ጋር አንድ ጣሳ ውስጥ ከገባ ደግሞ ሁሉም ተበላሸ ማለት ነው።

ከመድኃኒት መድኃኒት የሚለያየው ቁጥሩ ነው። ስሙ ኦክሲቴትራሳይክሊን ሆኖ እንኳ 10 በመቶውና ረጅም ጊዜ የሚሠራው 20 በመቶው እኩል አይደሉም። የሥጋውም የእገዳ ጊዜ ከወተቱ ይለያል፣ አብዛኛውን ጊዜ ይረዝማል። ከታዘዘው መጠን በላይ ከተሰጠ ደግሞ በጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥር አይሠራም፤ ያከመውን የእንስሳት ሐኪም ጠይቁ።