በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም፦ ቁናውን የያዘው ማነው?

ነፍሰ ገዳይ ተፈረደበት የሚል ዜና ሲሰማ፣ ከተቀመጠው ሰው መካከል አንዱ «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ይላል። ሌላው ራሱን ይነቀንቃል። ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል። እኔም ስንቴ ብያታለሁ። አንጀቴ ቅቤ ሲጠጣ ያልኳት ጊዜም አለ።

ግን አባባሏ እውነት እኛ የምናስበውን ነው የምትለው? ቃል በቃል ስፈታት እጠራጠራለሁ።

ከቁናው ልጀምር። ቁና ተሰፍቶ የሚሠራ የእህል መስፈሪያ ነው። ዛሬ ብዙዎቻችን ዕቃውን አናውቀውም። ቃሉን የምናውቀው ደረጃ ወጥተን ቁና ቁና ስንተነፍስ ነው። ቁና እንደ ኪሎ በሁሉም እጅ አንድ አይደለም። የአንዱ ይሰፋል፣ የሌላው ይጠባል። አሰፋፈሩም ሌላ ነገር ነው። ሰፋሪው እህሉን ነቅነቅ አድርጎ፣ በመዳፉ ጠቅጥቆ፣ አፉ ላይ ቆልሎ ሊሰጥህ ይችላል። ወይ ደግሞ ላላ አድርጎ ሞልቶ አፉን በእጁ ጠረግ ያደርገዋል። ሁለቱም «አንድ ቁና» ይባላል። ታዲያ በጠባብ ቁና ያበደርከኝን በምን ልመልስልህ? በዚያው በራስህ ቁና። አነሰ ብለህ ብትጮህ፣ ዕቃው ያንተው ነው።

የአባባሏ ጉልበት እዚህ ጋ ነው። ያደረግኸው ይደረግብሃል ብቻ አትልም፤ በምን መጠን እንደሚደረግብህም ትናገራለች። መጠኑን የመረጥከው አንተ ነህ ነው ነገሩ።

ዘመዷን ፍለጋ ወንጌል ድረስ መሄድ ይቻላል። ማቴዎስ 7፥2 ላይ «በምትሰፍሩበትም መስፈሪያ ይሰፈርባችኋል» የሚል አለ። ሉቃስ 6፥38 ላይ ደግሞ ያው መስፈሪያ ተመልሶ «ይሰፈርላችኋል»። በአማርኛው አንዲት ፊደል ናት የተለወጠችው። «ባ» ያለበት ስለ ፍርድ ነው፤ «ላ» ያለበት ስለ መስጠት። የእኛ አባባል ሁለቱንም ትታ «መሰፈር» ብላ አለፈች። በወሬ ላይ ግን ለደግ ሰው «በሰፈረው ቁና ተሰፈረለት» ብሎ የሚያመሰግን እስካሁን አልገጠመኝም። «ባ»ዋን ብቻ ይዘን ቀረን።

በማቴዎስ ከዚያ በፊት ያለው መስመር ምን ይላል? «እንዳይፈረድባችሁ አትፍረዱ።» ማስጠንቀቂያው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ፈራጁ ነው። እኛ ደግሞ የፈራጅ ማኅተም አደረግናት።

ይህን ስል ወንጀለኛ አይቀጣ ማለቴ አይደለም። ልጇን በጩቤ የተነጠቀች እናት ፊት ቆሞ «ቅጣት ወንጀልን አይቀንስም» የሚል ሰው ሒሳቡ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ወሬው ግን የእሷ ጉዳይ አይደለም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እሷ የምትጠይቀው ስለ ነገው ወንጀል ሳይሆን ስለ ትናንቱ ነው። የተደረገባት ነገር ክብደት እንዳለው አንድ ሰው በአደባባይ እንዲናገርላት ትፈልጋለች። ቅጣት ይህን ይናገራል። አጥፊው ስለሚገባው መቅጣት ፍትሕ ነው የሚሉ ሰዎች ጠንካራው መሠረታቸው ይህ ነው፤ እኔም እስከዚህ ድረስ አብሬያቸው ነኝ።

ጣጣው የሚጀምረው መስፈር ሲጀመር ነው።

አማርኛችን ይህን በደንብ ያውቃል። ሲናደድ «ልክ አስገባዋለሁ» ይላል፣ «ልኩን አሳየዋለሁ» ይላል። ልክ መጠን ነው። ልክ ትክክልም ነው። ግፉ የበዛበትን ሰው ደግሞ «ልክ አጣ» እንለዋለን። በአንዲት ቃል ውስጥ ቅጣትም፣ መጠንም፣ እውነትም ታጭቀዋል።

በቀል ግን ሁልጊዜ ቆልሎ ነው የሚሰፍረው። ዘፍጥረት 4 ላይ ላሜሕ ስላቆሰለው ሰው ብሎ ሰው ገደለ፤ የእሱ በቀል ሰባ ሰባት እጥፍ እንደሆነም ለሚስቶቹ ፎከረ። «ዓይን በዓይን፣ ጥርስ በጥርስ» የሚለው ሕግ ከዚህ አጠገብ ሲነበብ ጭካኔው ይቀንሳል፦ ለአንድ ዓይን አንድ፣ ሁለት አይሆንም። ከቁናው አፍ ላይ የተቆለለውን ጠረግ የሚያደርግ እጅ ነው።

ከሁሉም አባባሏን በሥጋ የምታሳየው የአዶኒቤዜቅ ታሪክ ናት። መጽሐፈ መሳፍንት 1 ላይ አለች። ንጉሡ ተሸንፎ ሸሸ፤ አሳድደው ያዙትና የእጁንና የእግሩን አውራ ጣቶች ቆረጡ። እሱም ሰባ ነገሥታት አውራ ጣቶቻቸው ተቆርጠው ከገበታው በታች ፍርፋሪ ይለቅሙ እንደነበር አስታወሰ፤ እኔ እንዳደረግሁ እግዚአብሔር መለሰልኝ አለ። በሰፈረው ቁና ተሰፈረ፤ ያውም በራሱ አንደበት።

ግን ቁጥሩን እዩት። ሰባ ነገሥታት ማለት 140 የእጅ አውራ ጣት ነው። እሱ የነበረው ሁለት። ቁናው ገና ከታቹ አልተሸፈነም። አንድ ሰው ብዙ ሰው ከጎዳ በኋላ በሥጋው የሚከፍለው ሒሳብ መቼም አይሞላም። በዚያ ታሪክ ውስጥ ሙሉ የሆነ ነገር ቢኖር «እኔ እንዳደረግሁ» ያላት ቃል ናት። ብዙ ተበዳይ ዕድሜውን ሙሉ የሚጠብቃት ቃል ያቺ ናት ብዬ አስባለሁ። በጉልበት ግን አትወጣም።

ሌላው ጣጣ ቁናው የማን ነው የሚለው ነው። የዛሬ 3,700 ዓመት ገደማ የተጻፈው የባቢሎኑ ንጉሥ የሐሙራቢ ሕግ ዓይን በዓይን ይላል፤ ነገር ግን ዓይኑ የጠፋው ባሪያ ከሆነ አጥፊው የባሪያውን ግማሽ ዋጋ ከፍሎ ይሄዳል። እዚያው ሕግ ውስጥ ግንበኛ የሠራው ቤት ፈርሶ የባለቤቱን ልጅ ከገደለ፣ የሚሞተው የግንበኛው ልጅ ነው። በሒሳብ ካየነው ልክ ነው፦ ልጅ በልጅ። ልጁ ግን ምን አጠፋ? ጥፋቱን ትተን ጉዳቱን ብቻ ስንሰፍር የምንደርሰው እዚህ ነው።

ቁናውን ጨርሶ መጣልስ? እሱም አይመቸኝም። ኖርዌይ ውስጥ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2011 አንድ ሰው በአንድ ቀን 77 ሰው ገደለ። በቀጣዩ ዓመት የተፈረደበት 21 ዓመት ነው። ብናካፍለው ለአንድ ነፍስ ሦስት ወር ከሳምንት ገደማ ይደርሳል። መጀመሪያ ስሰማ አሞኛል። በእርግጥ አደገኛነቱ ካልቀረ እስራቱ እየታየ ሊራዘም ይችላል። ግን አስቡት፤ ያኔ የሚለካው ያደረገው ሳይሆን ያደርገዋል ተብሎ የሚፈራው ነው። ፍርሃት ደግሞ አፍና ታች የለውም። ለዚህ ሰው አላዝንለትም፤ ግን ያው መስፈሪያ ነገ አንድ ተራ ሌባ ላይ ቢወጣ ልኩ የት ነው? ያጠፋኸውን ያህል ብቻ የሚለው አሮጌ ቁና ቢያንስ ክዳን ነበረው።

አሁን ወደ ሰዋስው። «መሰፈር አይቀርም።» ማን ነው የሚሰፍረው? አባባሏ አትናገርም። ለጊዜ ይሁን፣ ለፈጣሪ ይሁን፣ ለዳኛ ይሁን፣ ለተበዳይ ወንድም ይሁን፣ ቦታውን ክፍት ትታዋለች። እኛ ግን ዘው ብለን እንገባበታለን። አንዴ ቁናውን ካነሳን ደግሞ እኛም «የሰፈሩት» ውስጥ ተቆጠርን። አባባሏ ለመንግሥት የተለየ መስመር አልጻፈችም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ሞት ተፈርዶባቸው ከነበሩት ውስጥ ከ190 በላይ ሰዎች ኋላ ነፃ መሆናቸው ታውቆ ተለቅቀዋል። እነዚህ በሕይወት የተደረሰባቸው ናቸው። የተደፋ ቁና ተመልሶ አይታፈስም።

ቁናውን በሕግ ተሰጥቷት በእጇ ስለያዘች አንዲት ሴት ልንገራችሁ። ኢራናዊት ናት። የጋብቻ ጥያቄውን እንቢ ያለችው ሰው እ.ኤ.አ. በ2004 ፊቷ ላይ አሲድ ደፋባት፤ ዓይኖቿ ጠፉ። ፍርድ ቤት ሄዳ ዓይኑ ይጥፋልኝ አለች፤ ተፈረደላት። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 31 ቀን 2011 ሰውየው ሆስፒታል ቀረበ። የዓይን ሐኪሙ አለ፣ የፍርድ ቤቱ ሰው አለ። የቀረው የእሷ ቃል ብቻ ነበር። በመጨረሻው ደቂቃ ማርኩት አለች።

በኋላ የተናገረችው ደግሞ እንደ ስብከት የሚጠቀስ አይደለም። ሰባት ዓመት የታገልኩት አሲድ የሚደፋ ሰው በዚያው መቀጣት እንደሚችል ለማሳየት ነበር፤ ዛሬ የማርኩት መብቴ ስለሆነ ነው አለች። ቀጥሎ አሲድ የሚደፋባት ሴት ግን እንደ እኔ ላታደርግ ትችላለች፣ ስትልም አከለች።