የሃርትፎርዱ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት

አሜሪካ ውስጥ መስማት ለተሳናቸው የተከፈተው የመጀመሪያው ቋሚ ትምህርት ቤት ኮኔቲከት ግዛት፣ ሃርትፎርድ ከተማ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 1817 ሥራ ሲጀምር ተማሪዎቹ ሰባት ብቻ ነበሩ። ከቀደምቶቹ አንዱ የ51 ዓመቱ ሰዓሊ ጆን ብሩስተር ነው። እስከዚያ ዕድሜው ድረስ የሚማርበት ቦታ አልነበረማ!

የነገሩ መነሻ አሊስ ኮግስዌል የምትባል ልጅ ናት። ገና በሕፃንነቷ ታማ መስማት አቃታት። ጎረቤቷ ቶማስ ጋሎዴት ባርኔጣውን እያሳየ፣ ስሙን መሬት ላይ በእንጨት ጽፎ አስተማራት ይባላል። ሐኪም የነበረው አባቷ ተስፋ አደረበት። ከከተማው ሰዎች ገንዘብ አሰባስቦ፣ ጋሎዴት የማስተማሪያ ዘዴውን እንዲማር በ1815 ወደ አውሮፓ ላከው።

ብሪታንያ ላይ አልቀናውም። ትምህርት ቤቶቹን የያዘው የብሬድዉድ ቤተሰብ ዘዴውን በምስጢር ነበር የሚጠብቀው። ፓሪስ ግን እጇን ዘርግታ ተቀበለችው። እዚያ ሎራን ክሌርን አገኘ። ክሌር ራሱ የማይሰማ፣ በፓሪሱ ትምህርት ቤት ተምሮ እዚያው መምህር የሆነ ሰው ነው። በ1816 አብረው ወደ አሜሪካ ተሳፈሩ። 52 ቀን በፈጀው የመርከብ ጉዞ ክሌር የምልክት ቋንቋ ያስተምራል፣ ጋሎዴት ደግሞ እንግሊዝኛ ያስጠናዋል።

ለእኔ የትምህርት ቤቱ ትልቁ ዕድል ክሌር ነው። ልጆቹ እንደነሱ የማይሰማ፣ ግን የተማረና የተከበረ ሰው ፊታቸው ቆሞ አዩ። እሱም እስከ 1858 አስተማረ። ተማሪዎቹ ከየቤታቸውና ያኔ ብዙ የማይሰሙ ሰዎች ይኖሩባት ከነበረችው ከማርታስ ቪንያርድ ደሴት ይዘዋቸው የመጡት ምልክቶች ክሌር ካመጣው የፈረንሳይ ምልክት ቋንቋ ጋር ተቀላቅለው የአሜሪካ ምልክት ቋንቋን ወለዱ።

በ1880 ሚላን ላይ የተሰበሰቡ መምህራን፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚሰሙ፣ ትምህርት በንግግር ብቻ ይሁን ብለው ወሰኑ። በብዙ አገር ልጆች በእጃቸው እንዳያወሩ ተከለከሉ፤ የማይሰሙ መምህራንም ከሥራ ተገፉ። ይህ ግፍ ነው። ያ ውሳኔ በይፋ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ2010 ካናዳ፣ ቫንኩቨር ላይ በተካሄደ ተመሳሳይ የመምህራን ጉባኤ ነው።

የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋም በሚስዮናውያን ትምህርት ቤቶች በኩል ከአሜሪካው ወስዷል። የጣት ፊደሉ ግን የራሱ ነው፦ ፊደሉን በእጅ ቅርጽ፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባት ድምፆች ደግሞ በእጅ እንቅስቃሴ ይለያል።