ደማቅ ከዋክብት በሰማይ ዳሰሳ ፎቶዎች ላይ

የሰማይ ዳሰሳ ፎቶ፣ ማለትም ሰፊ ሰማይን በክፍል በክፍል የሚመዘግብ ፎቶ፣ በዋነኛነት የሚነሳው በዓይን የማይታየውን ለማግኘት ነው። ከሩቅ ጋላክሲ የሚመጣው ብርሃን እስኪጠራቀም ካሜራው ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ በዚያው የሰማይ ክፍል ደማቅ ኮከብ ካለ ግን ብርሃኑ ከልክ አልፎ ጎረቤቶቹን ይውጣቸዋል። የከዋክብት ድምቀት የሚለካው በማግኒቲዩድ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ኮከቡ ይደምቃል፣ የ5 ልዩነት ደግሞ 100 እጥፍ ማለት ነው። ከሌሊት ሰማይ ከዋክብት ሁሉ ደማቁ ሲሪየስ −1.46 ነው፤ የፓሎማር ኦብዘርቫቶሪ የሰማይ ዳሰሳ ሰማያዊ ብርሃን የሚመዘግቡ ፕሌቶች (ብርሃን የሚመዘግብ ንጥረ ነገር የተቀቡ መስታወቶች) እስከ 21 ገደማ ይደርሳሉ። በመካከላቸው ወደ አንድ ቢሊዮን እጥፍ የሚጠጋ ልዩነት አለ፤ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ በትክክል የሚመዘግብ ፕሌትም ሆነ ሴንሰር የለም።

የፓሎማር ዳሰሳ እ.ኤ.አ. በ1949 በካሊፎርኒያ የተጀመረ ሲሆን የተነሳው በባለ 48 ኢንች ሽሚት ቴሌስኮፕ፣ ጎናቸው 14 ኢንች በሆነ የመስታወት ፕሌቶች ላይ ነው። በኔጋቲቩ ላይ ደማቅ ኮከብ የፈሰሰ ጥቁር ቀለም ይመስላል። ከጠብታው አራት ቀጫጭን ጨረሮች በመስቀል ቅርጽ ይወጣሉ፤ እነዚህ በቱቦው መሃል የፕሌቱን መያዣ የሚደግፉት አራት ክንዶች ያመጧቸው ናቸው። ዙሪያውን የሚከበው ጸዳል ደግሞ ብርሃኑ መስታወቱን ዘልቆ ከጀርባው ተንጸባርቆ ሲመለስ የሚፈጠር ነው። የጠብታው ስፋት የድምቀቱ ምልክት ነው እንጂ የኮከቡን ግዝፈት አይናገርም።

ያም ሆኖ በጸዳሉ አጠገብ ማየት የቻሉ ሰዎች ነበሩ። በአሰድ ኅብረ ኮከብ፣ ሬጉለስ ከተባለው ደማቅ ኮከብ 12 የቅስት ደቂቃ ብቻ ርቆ (ከሙሉ ጨረቃ ስፋት ግማሽ ባልሞላ ርቀት) ሊዮ 1 የተባለች ድንክ ጋላክሲ አለች። በ1950 አልበርት ዊልሰንና ሮበርት ሃሪንግተን ያገኟት በእነዚሁ ፕሌቶች ላይ ነው። ያንን ደብዛዛ ጉም ከሬጉለስ ነጸብራቅ ለይቶ ማወቅ ትልቅ የዓይን ጥበብ ይጠይቃል።

ፕሌቶቹ በስካነር ተነበው ሥራው ለኮምፒውተር ሲሰጥ ሌላ ችግር መጣ፤ ፕሮግራሙ የጨረሮቹንና የጸዳሉን ቁርጥራጭ እንደ ኮከብ ይቆጥር ጀመር። ከአንድ ቢሊዮን በላይ አካላት በያዘው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ኦብዘርቫቶሪ ዩኤስኤንኦ-ቢ ካታሎግ ላይ በ2008 የታተመ ጥናት 2.3 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም ከ24 ሚሊዮን በላይ መዝገቦች፣ እንዲህ ያሉ ሐሰተኛ ከዋክብት መሆናቸውን አሳይቷል።

በዲጂታል ካሜራ ጸዳሉና ጨረሩ አልቀሩም፤ ጭራሽ መፍሰስ ተጨመረ። እያንዳንዱ ፒክስል የሚይዘው የኤሌክትሮን መጠን ውስን ነው፤ ሲሞላ እንደ ጀሪካን ይፈስና በዓምዱ ላይና ታች ረጅም ነጭ መስመር ያሰምራል። ስሎን የተባለው በዲጂታል ካሜራ የተነሳ የሰማይ ዳሰሳ ከ14 ማግኒቲዩድ ገደማ የበለጡ ደማቅ ከዋክብትን በትክክል መለካት ያልቻለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች የተበላሸውን ክልል በማስክ ይሸፍኑታል፣ ከቆጠራውም ስፋቱን ይቀንሱታል፤ የደማቁን ኮከብ ልክ እንደ ታይኮ-2 ካሉ ካታሎጎች ይወስዳሉ። ቦታውን በግምት ሞልቶ ምስሉን ማሳመር ይቻላል፤ ለምርምር ግን ባዶው ክፍተት ይሻላል፣ ምን እንዳልታየ በግልጽ ይናገራልና።

እስከ 2025 ስትሠራ የነበረችው ጋያ የተባለች የአውሮፓ ሳተላይት በበኩሏ ለደማቅ ከዋክብት ብርሃን የምትሰበስብበትን ጊዜ ታሳጥር ነበር፤ ከከባቢ አየር በላይ ስለነበረችም ብርሃኑ ብዙ አይበተንባትም ነበር። በ2017 ተመራማሪዎች በመረጃዋ ከዋክብትን አንድ በአንድ ሲቆጥሩ፣ ከሲሪየስ 10 የቅስት ደቂቃ ያህል ርቆ በጸዳሉ ተሸፍኖ የኖረ አንድ ሙሉ የከዋክብት ክምችት አገኙ፤ ጋያ 1 ብለውታል።