ድሬዳዋ ላይ የተጠባባቂ ወታደርና የመንግሥት ሠራተኛ የሕይወት ታሪክ እንዴት ይነበባል

ዕድሜውን በመንግሥት ቢሮ የጨረሰ፣ በመሀል በመሀል ደሞ እየተጠራ የዘመተ ሰው ድሬ ላይ ሲያርፍ ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩ ይነበባል። ይሄ ሌላም ከተማ ያለ ነገር ነው፣ እዚህ የሚለየው ግን ሰውዬው በቁሙ ሳለ የጎረቤት ህፃን ሳይቀር "አንተ" ሲለው ነው የኖረው፣ ድሬ ላይ አንቱታ ማን ያውቃል አቦ፣ በሞተ ማግስት ግን ወረቀቱ ላይ "ተወለዱ፣ አገለገሉ፣ ተሸለሙ" ይሆናል፣ ለቀስተኛው ስለማን እንደሚነበብ እስኪገባው ትንሽ ይቆያል።

ወረቀቱን የሚጽፈው ብዙ ጊዜ የተማረው ልጅ ወይ የእህት ልጅ ነው፣ ለሊቱን ተጽፎ ጠዋት ፎቶ ኮፒ ቤት ይታተማል። አጻጻፉን ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል፦ ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ በቀድሞው ሐረርጌ ክፍለ ሀገር ተወለዱ፣ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ፣ ከዛ ሥራ፣ ከዛ "ባለትዳርና የአምስት ልጆች አባት ነበሩ"፣ ከዛ "ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው" ብሎ ያልቃል። የሥራው ክፍል ረጅም የሚሆነው መረጃ ስላለ ነው፣ የቅጥር ደብዳቤ አለ፣ የደረጃ እድገት አለ፣ የሥራ ልምድ አለ። የውትድርናው ግን አንድ መስመር ነው፣ "ለእናት አገር ጥሪ ምላሽ በመስጠት ዘምተዋል"፣ አለቀ።

ለምን እንዲህ እንዳጠረ ለማወቅ ተጠባባቂነት እዚህ አገር እንዴት እንደነበረ ማየት ነው። በንጉሡ ጊዜ ገጠር ላይ ነጭ ለባሽ የሚባል ነበረ፣ በሰላሙ ጊዜ አራሽ ሲጠራ ታጣቂ። በ1969 የሶማሊያ ጦር ሲገባ ደሞ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሚሊሺያው በገፍ ሰለጠነ፣ ነሐሴ ላይ ድሬዳዋ ራሷ በታንክ ተጠቃች፣ ከተማዋ አልተያዘችም፣ ካራማራ ላይ ድል የሆነው በቀጣዩ ዓመት የካቲት 26 ነው። ከዛ በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ፣ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለው ስድስት ወር ይሰለጥናል፣ ሁለት ዓመት ያገለግላል፣ ከዛ እስከ 50 ዓመቱ ተጠባባቂ ነው። ማለትም አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦም በሕጉ ግማሽ ወታደር ነበር። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ግን የደርግ ወታደር ነበርኩ ማለት የሚያኮራ አልነበረም፣ ስንቱ ወረቀቱን ደበቀ፣ ስንቱ አቃጠለ። ይባስ ብሎ በ1990 የኤርትራ ጦርነት ሲነሳ ከነዛው ሰዎች አንዳንዶቹ እንደገና ተፈለጉ።

ድሬ ላይ ደሞ ሌላ የወረቀት ሌባ አለ፣ ከተማዋን መሀል ለመሀል የሚሰነጥቀው ደቻቱ ወንዝ። የ1998ቱ የሐምሌ መጨረሻ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ነው የወሰደው፣ ወረቀትማ ማን ቆጥሮት። እኔ ለገሃር አካባቢ አንድ ለቅሶ ላይ ሟቹ የተዋቸውን ወረቀቶች አይቻለሁ፣ በፌስታል የታሰሩ፣ ጠርዛቸው ላይ ቡናማ የጭቃ መስመር ያለባቸው፣ ማህተሙ ፈሶ ሰማያዊ ነጠብጣብ ብቻ የቀረ። የሟቹ ሴት ልጅ የምታነበውን ያነበበችው ከነሱ ነው፣ ስለ 1969 ስትደርስ አንድ መስመር፣ ቀጥሎ "የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሆነው ተሹመዋል"።

ቀሪው የሚነገረው ማታ ድንኳን ውስጥ ነው፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ካርታው ሲወጣ። የዛን ቀን አንድ አብሮት የዘመተ ሽማግሌ ጫማቸው በሁለት ቁጥር ሰፊ እንደነበረና ሟቹ ከቢሮ ይዞት የሄደውን የድሮ መዝገብ ቅጠል እየገነጠለ ለሁሉም ጫማ ውስጥ እንደጎሰጎሰ ሲያወራ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ልጅቷ "አባዬ? መዝገብ ቀደደ?" አለች፣ "እኛን እኮ ደብተር አስቀድዶን አያውቅም።" ሰፈሩ እስከ መጨረሻው "ሃምሳ አለቃ" ነው የሚለው፣ ቢሮው ግን "አቶ" ነው፣ ወረቀቱም ላይ "አቶ" ተብሎ ነው የተነበበው።

ሙስሊም ከሆነ ነገሩ ይለያል፣ ጀናዛው በዛው ቀን ስለሚወጣ ለጽሑፍም ጊዜ የለም፣ ትዝታው ከቀብር በኋላ በሚቀመጡበት ቤት ነው የሚወራው። ሐረር ላይ ይሄን ከነወጪው ከነመስተንግዶው የሚሸከመው አፎቻ የሚባለው እንደ እድር ያለ የሐረሪዎች መረዳጃ ማኅበር ነው፣ ድሬ ላይ እድሩም አለ አፎቻውም አለ፣ ጎረቤት ደሞ ሁለቱም ጋ ይቀመጣል።

የቀረው የጡረታው ነው። ሚስት የባሏን አበል 50 በመቶ፣ ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ ደሞ 20 በመቶ ያገኛል፣ ለዚህ የጋብቻና የሞት ማስረጃ ይዞ መመላለስ አለ። ያቺ ፌስታል እንደገና የምትፈታው ያኔ ነው፣ መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ጭቃ የበላውን ማህተም ወደ ብርሃን አንስቶ ያያል።