አንኮንፈረንስ ምንድን ነው?

ሰሞኑን ሐዋሳ አንድ አዳራሽ በር ላይ «አንኮንፈረንስ» የሚል ባነር አየሁ። ደስ ብሎኝ ገባሁ። መድረኩ ላይ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ የታሸገ ውሃ። የክብር እንግዳው እስኪመጡ አርባ ደቂቃ ጠበቅን። ከዚያ የመክፈቻ ንግግር፣ ከዚያ እስከ ምሳ ስላይድ። አንኮንፈረንስ ማለት ርዕሱን ተሳታፊው ራሱ በዕለቱ የሚያወጣበት ነው። ይሄ ግን መደበኛ ስብሰባ ነው። ክፋት የለውም፣ ግን በስሙ ይጠራ።

ከዚህ የባሰ የሚያናድደኝ ደግሞ ስለ አንኮንፈረንስ «ፕሮግራም ማውጣት ያቃታቸው ሰዎች የሚጠሩት ነው» ብሎ የጻፈው ሰውዬ ነው። ወንድሜ፣ በጠዋት ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወርደህ ታውቃለህ? ዓሣ አጥማጁ ቆሮሶ ይውጣለት አምባዛ አያውቅም። መረቡን ግን ጠግኖ፣ ማታውኑ ሐይቁ ላይ ጥሎ ነው ያደረው። ያልታወቀው ዓሣው ብቻ ነው። አንኮንፈረንስ ላይም ርዕሱ በዕለቱ ከመጣው ሰው ይወጣል። ሰዓቱ፣ ቦታውና ሰሌዳው ግን ቀድሞ ይሰናዳል። በአወያይነት ስሠራ እንዳየሁት፣ ከመደበኛው ስብሰባ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሳው ይሄኛው ነው።

መጀመሪያ የተካፈልኩት የብሎገሮችና የአዲስ ሚዲያ ሰዎች ያዘጋጁት ነበር። ደብተሬን ይዤ «ፕሮግራሙ የታለ?» አልኩ። አንዲት ልጅ ማርከርና ቢጫ ወረቀት ሰጠችኝ። ግድግዳው ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ትልቅ ወረቀት አለ፤ ወደ ታች ሰዓት፣ ወደ ጎን ቦታ፦ «ክፍል 1»፣ «በረንዳ»፣ «ዛፉ ሥር»። ሳጥኖቹ ባዶ ናቸው። «ይኸው፣ ጻፍበት» አለችኝ። «የተሳሳተ ነገር ከጻፍኩ ላጥፋው ወይስ እርማት ልጨምርበት?» ብዬ ለጠፍኩ። አራት ሰው መጣ። አንዱ የሬዲዮ ሰው ነበር። «እኛ ጋ አንዴ አየር ላይ ከወጣ ወጣ ነው፤ እናንተ ታድላችሁ» አለና ዛፉ ሥር ስንከራከር ምሳ አለፈን።

የሐሳቡ መነሻ የቡና እረፍት ነው። ሃሪሰን ኦወን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1983 ትልቅ ጉባኤ ሲያዘጋጅ ከረመ። በመጨረሻ ሰው ከሁሉ የወደደው የቡና እረፍቱን ሆኖ አገኘው። በ1985 እረፍቱን ራሱን ስብሰባ አደረገውና «ኦፕን ስፔስ» አለው። በ2005 ደግሞ የቴክኖሎጂ ሰዎች፣ ፉ ካምፕ የሚባለውን በጥሪ ብቻ የሚገባበት ስብሰባ አይተው፣ ለማንም ክፍት የሆነውን ባርካምፕን ካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ ላይ ጀመሩ። ደንቡ «ተመልካች የለም፣ ሁሉም ተሳታፊ ነው» የሚል ነው።

አባ ኮዳን፣ አሞራ ገደል የሚቆመውን ያን ትልቅ ወፍ፣ ታውቁታላችሁ። ትከሻውን ሰብሮ የዓሣ አንጀት እስኪወረወርለት ይጠብቃል። አንኮንፈረንስ ላይ «አበሉ ስንት ነው?» የሚለው እሱ ነው። እርግጥ እዚህ ላይ ምሳሌዬ ያነክሳል፤ አባ ኮዳ ባይኖር ያን ሁሉ አንጀት ማን ያነሳዋል? ስለዚህ መጀመሪያ ቀን ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ሰው ላይ አትፍረዱ። (በጀት ለማጽደቅ ግን አንኮንፈረንስ አትጥሩ። ለውሳኔ አልተሠራም።)

እኛ አገር አስቸጋሪው «የሁለት እግር ሕግ» ነው። የማትማርበት፣ የማትጠቅምበት ቦታ ከሆነ ተነስተህ ወደ ሌላው ክፍል ትሄዳለህ፤ ማንም አይቀየምም። በወረቀት ቀላል ነው። ግን ትልቅ ሰው እያወራ ማን ይነሳል? ይሉኝታ ወንበሩ ላይ ሰፍቶናል። ስለዚህ መላ ዘየድኩ። አንዱ አንኮንፈረንስ ከመጀመሩ በፊት በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጡትን ጋሼ ለብቻቸው አገኘሁና፣ ለአርአያነት መሃል ላይ ተነስተው እንዲወጡልኝ ለመንኳቸው። እሺ አሉኝ። ሰዓቱ ሲደርስ ባርኔጣቸውን አንስተው ብድግ አሉ።

ቤቱ በሙሉ ለክብራቸው ተነስቶ ቆመ። በሩን አልፈው እስኪሄዱ ጠብቆ፣ ተመልሶ ተቀመጠ።