ፒቶን ደ ላ ፉርኔዝ፦ የሬዩኒዮን ደሴት እሳተ ገሞራና አፎቹ

ፒቶን ደ ላ ፉርኔዝ («የእቶኑ ጫፍ») ከማዳጋስካር በስተ ምሥራቅ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው የፈረንሳይ ግዛት፣ በሬዩኒዮን ደሴት ላይ የሚገኝ እሳተ ገሞራ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ቁመቱ 2,632 ሜትር ነው፤ መሠረቱ ግን 4,000 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው የውቅያኖስ ወለል ነው። ደሴቲቱን የሠሩት ሁለት እሳተ ገሞራዎች ሲሆኑ ታላቁ ፒቶን ደ ኔዥ ከጠፋ ቆይቷል። ታናሹ ፉርኔዝ እንደ አፋሩ ኤርታሌ ጋሻ መሰል ነው፤ ቀጭኑ የባዛልት ላቫ (ከምድር የወጣ ቅልጥ ዓለት) ርቆ ይፈስሳል እንጂ ተቆልሎ አይቀርም።

ጫፉ የቆመው ኤንክሎ ፉኬ በተባለ፣ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሰፋ ካልዴራ (ሰፊ የእሳተ ገሞራ ጎድጓዳ) ውስጥ ነው። ሦስት ጎኑ በገደል ታጥሯል፤ ምሥራቁ ወደ ባሕር ተከፍቷል። ካልዴራው የተፈጠረው መሬቱ ወደ ውስጥ ሰምጦ ነው ወይስ ምሥራቃዊው ጎን ወደ ባሕር ተንሸራትቶ የሚለው አሁንም ያከራክራል። ገደሉን በደረጃ የወረደ ተጓዥ መጀመሪያ የሚያገኘው እ.ኤ.አ. በ1753 የተፈጠረችውን ፎርሚካ ሌዮን ነው፤ ቀይ ጠጠር የለበሰች ትንሽ ጉብታ ናት። ከዚያ ወዲያ መንገዱን የሚመራው ጥቁሩ ዓለት ላይ የተቀባ ነጭ ቀለም ነው።

የእሳተ ገሞራው አናት ላይ ሁለት ክሬተሮች (የእሳተ ገሞራ አፎች) አሉ። ምዕራባዊው ቦሪ ትንሽ ነው። ምሥራቃዊው ዶሎሚዮ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል።

የዶሎሚዮን መልክ የለወጠው እ.ኤ.አ. የ2007ቱ ፍንዳታ ነው። እስከዚያው ዓመት ጃንዋሪ ድረስ ላቫ ሲሞላው ከርሞ አፍ እስከ ገደፉ ደርሶ ነበር። ኤፕሪል 2 ቀን ግን ተራራው ከአናቱ በጣም ዝቅ ብሎ፣ ባሕሩ አጠገብ በ600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀደደ። ከክሬተሩ ሥር ያለው ማግማ (ገና ከምድር ያልወጣ ቅልጥ ዓለት) በዚያ በኩል ሲፈስስ ወለሉ ድጋፍ አጣ። በአንድ ጊዜ አልወደቀም፤ ትንሽ ሰመጠ፣ ቆመ፣ ደግሞ ሰመጠ። እሳተ ገሞራውን የሚከታተለው ጣቢያ መሣሪያዎች እያንዳንዱን ውድቀት ከነንዝረቱ መዝግበዋል፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን በቅርብ የታየበት ጊዜ በዓለም ጥቂት ነው። በቀናት ውስጥ 330 ሜትር ያህል የጠለቀ ጉድጓድ ተከፈተ። ላቫው አውራ ጎዳናውን ቀብሮ ባሕር ገባ፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ለዓመታት ሲያጤስ ኖረ።

ይህ የክትትል ጣቢያ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. ከ1977ቱ የፍንዳታ መከራ በኋላ ነው። ያኔ ላቫው ከካልዴራው ውጭ ፈንድቶ በሴንት ሮዝ በኩል ያለ መንደር ገባ። ቤቶች ተቃጠሉ፤ ነዋሪው አስቀድሞ ወጥቶ ስለነበር ሰው አልሞተም። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሲደርስ ላቫው በግራና በቀኝ ተከፍሎ አለፈ፤ በበሩ የገባውም ጥቂት ዘልቆ ቆመ። ዛሬ ቤተ ክርስቲያኑ «የላቫዋ እመቤታችን» ይባላል።