ሩኪ ካርድ ምንድን ነው? የሚኪ ማንትል ሁለት ካርዶች

«ሚኪ ማንትል፣ 1952 ቶፕስ፣ ሩኪ ካርድ» የሚል የሽያጭ ማስታወቂያ ካያችሁ ሻጩ ወይ አላወቀም፣ ወይ ሊያታልላችሁ ነው። ቶፕስ የተባለው ኩባንያ ያሳተመው ይህ የቤዝቦል ተጫዋቹ የማንትል ሥዕል ያለበት ካርድ በሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ ከሚፈለጉት አንዱ ነው፤ ሩኪ ግን አይደለም። የማንትል ሩኪ ካርድ በአንድ ዓመት ቀድሞ የወጣው፣ መጠኑም ዋጋውም የሚያንሰው የሌላው ኩባንያ፣ የቦውማን፣ የ1951 ካርድ ቁጥር 253 ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአሜሪካ ስፖርት ሩኪ የሚባለው የመጀመሪያ ዓመቱን የሚጫወት ጀማሪ ነው። ሩኪ ካርድ ሲባል ግን የሚታየው የካርዱ አወጣጥ ነው፦ ተጫዋቹ የከፍተኛው ሊግ ተጫዋች ሆኖ፣ በመላ አገሪቱ በተሸጠ መደበኛ ስብስብ ውስጥ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣበት ካርድ መሆን አለበት። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ሩኪ አይባልም።

የዝነኛው ተጫዋች የቤብ ሩት ነገር ይህን ጥሩ አድርጎ ያሳያል። በ1914 አንድ የባልቲሞር ጋዜጣ ያወጣው የሩት ካርድ የታተመው ተጫዋቹ ገና በታችኛው ሊግ ለባልቲሞር ኦሪዮልስ ሲጫወት ነው። ስለዚህ «ቅድመ ሩኪ» ይባላል፤ ሩኪው በ1916 የወጣው የስፖርቲንግ ኒውስ ጋዜጣ ካርድ ነው። ሆኖም ያ የ1914 ካርድ በ2023 በ7.2 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ሩኪ የሚለው ስም ካርዱ ከየት እንደመጣ ይናገራል እንጂ ዋጋውን አይወስንም። አዲስ ሰብሳቢ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ከ2006 ወዲህ በሚታተሙ የቤዝቦል ካርዶች ላይ የሩኪ ምልክት ስለሚታተም ችግሩ ቀሏል። በአብዛኞቹ አሮጌዎች ላይ ግን ምንም አልተጻፈም፤ ስብስቡን ማወቅ የገዢው ፋንታ ነው። ባለሙያዎችም የማይስማሙባቸው አሉ። ሊፍ የተባለው ኩባንያ ያወጣው የተጫዋቹ የጃኪ ሮቢንሰን ካርድ በተለምዶ የ1948 ይባላል፤ ገበያ ላይ የዋለው ግን በ1949 ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። በማንትል ላይ እንዲህ ያለ ክርክር የለም።

ማንትል ለኒውዮርክ ያንኪስ መጫወት የጀመረው በሚያዝያ 1951፣ በ19 ዓመቱ ነው። በዚያው ዓመት ማስቲካ ሻጩ ቦውማን 324 ካርዶች ያሉት ስብስብ አወጣ። ሥዕሎቹ ከፎቶ ተነሥተው በቀለም የተሠሩ ናቸው፤ ማንትል ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ከኋላው ደመና ያለበት ሰማይ ይታያል። ስብስቡ ለገበያ የወጣው በየዙሩ ተከፋፍሎ ነው፤ ቁጥር 253 የመጨረሻው ዙር የሚጀምርበት ነው። ይህ ዙር ከቀደሙት ባነሰ ቁጥር የታተመ ነው፤ የሌላው ተጫዋች የዊሊ ሜይስ ሩኪ፣ ቁጥር 305ም፣ የሚገኘው እዚሁ ውስጥ ነው።

ታዲያ የ1952ቱ ቶፕስ ቁጥር 311 ለምን በለጠ? ቶፕስ ያን ዓመት 407 ካርዶች ያሉት፣ ከቦውማን በግልጽ የሚተልቅ ስብስብ አወጣ። ከ311 እስከ 407 ያሉት ገበያ የደረሱት የቤዝቦሉ ወቅት ሊያልቅ ሲል ነው፤ ልጆቹ ፊታቸውን ወደ አሜሪካ ፉትቦል አዙረው ስለነበር ካርዶቹ መጋዘን ውስጥ ቀሩ። ስብስቡን የነደፈው ሳይ በርገር ራሱ እንደተናገረው በ1960 የተረፉትን በጀልባ ጭኖ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ጥሏቸዋል። የሚገርመው ግን ቁጥር 311 በማተሚያው ወረቀት ላይ ሁለት ጊዜ የገባ ካርድ ነው፤ ከብዙዎቹ የዙሩ ጓደኞቹ በቁጥር ይበልጣል። ያስወደደው እጥረቱ ብቻ አይደለም። ተጫዋቹ፣ ያ ሰማያዊ መደብ፣ የውቅያኖሱም ታሪክ ተደምረው ነው። በ1991 በ50 ሺህ ዶላር የተሸጠ አንድ ቅጂ፣ የካርዶችን ይዞታ የሚመዝን ድርጅት ከ10 9.5 ነጥብ ሰጥቶት በነሐሴ 2022 በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ወጥቷል።

ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከሁሉ በፊት ማስመሪያ ይያዝ። የ1951 ቦውማን 52 በ79 ሚሊሜትር፣ የ1952 ቶፕስ 67 በ95 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። የዛሬ ካርድ 63.5 በ89 ነው፤ ቶፕስ ራሱ በ1983 የ1952ቱን ስብስብ ዳግም ያሳተመው በዚህ በትንሹ መጠን ነው። «የ1952 ማንትል አገኘሁ» ብሎ የተደሰተ ሰው በእጁ ያለው ብዙ ጊዜ ይኸው ዳግም ኅትመት ነው።

ከዚያ አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ያስፈልጋል። በእውነተኛው ካርድ ላይ ጥቁሩ ጽሑፍና መስመር ወጥ ቀለም ነው። ፎርጅድ የሚሠራ ሰው ካርዱን ፎቶ አንሥቶ ስለሚያትም ፊደሎቹ ራሳቸው በጥቃቅን ነጠብጣብ የተሞሉ፣ ጠርዛቸው የሻከረ ሆኖ ይታያል። ይህ አንዱ ምርመራ ብቻውን ብዙውን የሐሰት ካርድ ይጥላል። የበለጠ እርግጠኛ ለመሆን ከዚያው ስብስብ ስሙ ያልገነነ ተጫዋች ካርድ በርካሽ ግዙና ጎን ለጎን አስቀምጧቸው፦ የካርቶኑ ውፍረት፣ የጀርባው ቀለም፣ ብርሃን ላይ ሲያዝ የሚያሳልፈው መጠን መመሳሰል አለበት።

ከፎርጅድ ይልቅ የሚያስቸግረው የተነካካ እውነተኛ ካርድ ነው። ጥጉ የተበላ ካርድ ጠርዙ ሲከረከም አዲስ ይመስላል፤ ግን ከአንድ ወገን ግማሽ ሚሊሜትር ወይም አንድ ሚሊሜትር ያጥራል፣ ጠርዙም ከሰባ ዓመት ካርቶን የማይጠበቅ ስለት አለው። ባለሙያ ድርጅትም ይህን ሊስት ይችላል። ካርድ መርምሮ ነጥብ የሚሰጠው ድርጅት ፒኤስኤ በ1991 ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ ደረጃ የሰጠው እጅግ ዝነኛው የሆነስ ዋግነር ካርድ፣ 8 ነጥብ አግኝቶ ሳለ፣ የተከረከመ መሆኑን የቀድሞ ሻጩ በ2013 አምኗል።

ነጥብ ላይ የሚጫነው ሌላው ጉዳይ የሥዕሉ መሐል ላይ መዋል ነው። የግራው ነጭ ኅዳግ 2 ሚሊሜትር፣ የቀኙ 3 ከሆነ 60/40 ይባላል። ጥጎቹ ስል የሆኑ ግን ሥዕሉ ወደ አንድ ጎን የተገፋ ካርድ ከፍተኛ ነጥብ አያገኝም። እኔን ብትጠይቁኝ፣ በትንሽ ገንዘብ ለሚገዛ ሰው ጥጉ የደከመ ግን ሥዕሉ መሐል የዋለ ቦውማን ይሻላል፤ ለዓይን የሚያምረው እሱ ነው።

ነጥብ ተሰጥቶት በፕላስቲክ የታሸገ ካርድ ስትገዙ በማሸጊያው ላይ ያለውን ቁጥር በድርጅቱ ድረ ገጽ አስገቡ፤ ፎቶው ካለ በካርዱ ላይ ያለውን ነጠብጣብና ጭረት አንድ በአንድ አመሳክሩ፤ ማሸጊያውም ራሱ ፎርጅድ ይሠራልና። ያልታሸገውን ደግሞ በጠርዙ ብቻ ያዙት፣ መያዣም በልኩ ግዙለት። ለዛሬ ካርድ የተሠራው ስስ ከረጢት ለ1952 ቶፕስ ይጠባል፤ በግድ ሲያስገቡት መጀመሪያ የሚታጠፈው ጥጉ ነው።